የ«ፖሽ» ትርጉምና አጠቃቀም በመተማ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ መኪና ቀየርኩ። ከፊቴ ወንበር የተቀመጠች ሴት መስኮቱን ስትከፍተው ነፋሱ የተጠቀለለችበትን የሱዳን ቶብ ጠርዝ አንስቶ ፊቴ ላይ ጣለው። የጣልህ እንጨት ጭስ፣ ሰንደል፣ ትንሽ ደግሞ እንደተቃጠለ ስኳር ያለ ነገር ሸተተኝ። ሴትየዋ ይቅርታ ብላ ጨርቋን ሰበሰበች። እኔ ግን ሳላስበው ጎንበስ ብዬ በወንበሩ ስር እግሯን ለማየት ሞከርኩ። ሂና ተቀብታ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የማደርግ ሰው አይደለሁም። የማላውቀውን ሰው ቀና ብዬ ማየት እንኳ ይከብደኛል። እግር የማየት ልማድ ያወጣሁት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ነው። ያን ጊዜ አንዲትን ሴት እንድከታተል ተመድቤ ነበር።

ቲቸር ገነት መተማ ዮሐንስ የመጣችው መስከረም ላይ፣ ዋልካው ገና ሳይደርቅ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እንግሊዝኛ ልታስተምረን ተመድባ የእኛ ግቢ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራየች። ክፍሏና የእኛ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ጭቃው የረገፈ ግድግዳ ስለነበር እሷ ስታስነጥስ እኛ ከወዲህ «ይማርሽ» እንላት ነበር።

እናቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነቻትም። ነገሩ የመጣው ከጫማ ነው። ቲቸር ገነት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ በፌስታል ሌላ ጫማ ትይዛለች። የትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ ኮንጎዋን አውልቃ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ በያዘችው ውሃ እግሯን ታጥባ፣ ጥቁሩን የቆዳ ጫማ ታደርጋለች። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ጫማዋ ላይ ነጥብ ታክል ጭቃ አይተን አናውቅም።

«ሁለት ጫማ ይዛ የምትዞረው አንዱን ለመንገድ አስባው እንዳይሆን» አለች እናቴ።

«ኧረ እቴ፣ እንዲህ ተኩሳ የምትለብስ ሰው እዚህ እሳት ውስጥ ምን ሠርታ ተጣለች በይኝ!» አለች ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች።

ጥያቄው ለእኔም ተገቢ ይመስለኝ ነበር። መተማ ሰው የሚመጣው ወይ ሊሻገር፣ ወይ ሊነግድ፣ ወይ ሰሊጥ ሊያጭድ ነው። ከእነዚህ ለአንዱም ያልመጣ ሰው ሲገኝ እኛ ያልደረስንበት ምክንያት አለው ማለት ነው። ጃንጥላዋን አየሁት፤ እጀታው ወፍራም ነበር፤ ውስጡ አንድ ነገር ሊደበቅበት ይችላል ብዬ ገመትኩ። ከሰል ካውያዋን አየሁት። ልብሷን የምትተኩሰው ሁልጊዜ መሸት ሲል፣ በሯን ዘግታ ነው። የሚደበቅ ነገር የሌላት ሴት በዚያ ሙቀት በር ዘግታ እንዴት ትተኩሳለች? ሙሉ ሳምንት ካሰብኩበት በኋላ እናቴ የቲቸር ገነት ቀሚስ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ በሯን የምትዘጋውም ያንኑ አውልቃ ስለምትተኩስ እንደሆነ ደረሰችበት። ይህም ግን አላረካትም። «አንድ ቀሚስ ብቻ ይዞ የሚመጣማ ተጣድፎ የወጣ ሰው ነው» አለች።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ምንባብ ውስጥ አንድ ሰው ሆቴል ገባ። ሆቴሉም «ፖሽ» ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ፖሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

ቲቸር ገነት ጠመኔውን አስቀመጠች። አንድን ነገር እንደወደደችው የምናውቀው ጠመኔ ስታስቀምጥ ነው።

«ትርጉሙን እኔ እነግራችኋለሁ፤ አጠቃቀሙን እናንተ ታሳዩኛላችሁ» አለች። «ፖሽ ማለት ውድ፣ ያማረ፣ የባለጸጎች የሆነ ማለት ነው። ስለ ሆቴል፣ ስለ መኪና፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ሰው አነጋገርም ይባላል። የሚነገር ቃል ነው፤ ለማመልከቻ አይሆንም። ስለ ሰው ሲባል ደግሞ ቃሉን ብቻ አትስሙ፤ የተናጋሪውን ፊት እዩ። አንዱ አድንቆ ይለዋል፤ ሌላው አሹፎ ይለዋል። ቃሉ ያው ነው። ማንም ሰው ግን ስለራሱ አይለውም። ካለው፣ አይደለም ማለት ነው።»

«ከየት የመጣ ቃል ነው?» አለ ያው ልጅ።

«ስለ መርከብ የሚወራ ታሪክ አለ። ሀብታሞቹ ሲሄዱም ሲመለሱም ፀሐይ በማይመታው ወገን ያለውን ክፍል ይይዙ ነበር፤ ቃሉም «ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ» ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የመጀመሪያ ፊደላት ወጣ ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። እርግጠኛውን የሚያውቅ የለም። ሰው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ወሬ ይሞላበታል።»

እኛ ግን ማስረጃ ሳንጠይቅ አመንን። ከመተማ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ ቀድሞ የገባ ሰው የሚይዘው የትኛውን ወገን እንደሆነ ማን ይነግረናል?

ከዚያ እያንዳንዳችን ከከተማችን አንድ ነገር መርጠን ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዘችን። አንዱ የሐጂ ዑመር ግመል ፖሽ ናት፣ ጥላ ካላገኘች አትተኛም አለ። ሌላዋ ጉምሩክ ላይ ያለው ወንበር ፖሽ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። በመጨረሻ «እናኑ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ስሜ ነበር።

ተነሳሁ። ቲቸር ገነት ጠበቀችኝ፤ እስኪያሳፍረኝ ድረስ ጠበቀችኝ።

«እሺ፣ ተቀመጪ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀርሻል። እኔ አልረሳም።»

አፌ ላይ የነበረው «ቲቸራችን ፖሽ ናት» የሚል ነበር። ያልተናገርኩት በማፈሬ ብቻ አይደለም። ስናገረው ፊቴ ምን እንደሚመስል ስላላወቅሁ ነው።

ቃሉ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ገበያ ለመግባት ብዙ አልፈጀበትም። እትዬ አሰገደች ቲቸር ገነት ስታልፍ «ፖሿ መጣች» ማለት ጀመረች፤ የእሷን ፊት ለማንበብ ትምህርት አያስፈልግም። አጎቴ አለባቸው ግን ቃሉን በሌላ መንገድ ወሰደው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ ያርሳል፤ አንድ ያረጀ የጭነት መኪናም አለው። ቤታችን ሲመጣ ጠራኝ።

«እሙዬ፣ ይቺ ፖሽ የሚሏት ነገር ምንድን ናት?»

ትርጉሙን ነገርኩት። አጠቃቀሙ ረጅም ስለነበር እስኪያልቅ አልጠበቀኝም። በሚቀጥለው ሲመጣ ከመኪናው መስታወት በላይ በቢጫ ቀለም፣ በትልልቁ «ፖሽ» የሚል ተጽፎ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በአጠገባችን እየተንገጫገጨ አለፈ፤ አንደኛው መብራቱ በላስቲክ ታስሯል። ቲቸር ገነት ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ዝቅ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አጎቴ ለእናቴ ሐሳቡን ነገራት።

«እንደሷ ያለች ነው የምፈልገው። ሰሊጡ ከሂላ ይውረድልኝ እንጂ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሂላ የምንለው የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ የሚደርቅበትን ክምር ነው። ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል። ያኔ ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው ተገልብጦ ካልተራገፈ ነፋስ ይበትነዋል። ስለዚህ በዚያ ወራት ማንም ሰው ለሌላ ጉዳይ ቀን አይቆርጥም። ሰርግም፣ ዕርቅም፣ ክስም «ከሂላ በኋላ» ነው።

«ማን እንደሆነች ሳታውቅ?» አለች እናቴ። «ባል ቢኖራትስ? ከሰው ሸሽታ የመጣች ብትሆንስ?»

«እሱን እናኑ ታጣራልኛለች። እሷን ማን ልብ ይላታል? እንደ ድመት እኮ ናት፤ ኮቴም ድምፅም የላት።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እንደ ድመት የመሆኔ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም አገኘ።

ተከታተልኳት። የምታመጣውን ዕቃ፣ የምታነጋግረውን ሰው አየሁ። ግቢያችን ውስጥ ስልክ እየዘለለ የሱዳን መስመር ላይ ይገባ ስለነበር ቲቸር ገነት ማታ ማታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥታ ትደውላለች። ከአንድ ኒም ዛፍ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«ምን አለች?» አለኝ አጎቴ በጉጉት።

«አዎ፣ በልቻለሁ አለች።»

«ከዚያስ?»

«አይ፣ ደህና ነው የበላሁት አለች። ከዚያ ደግሞ አዎ አሁን በልቻለሁ አለች።»

አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። «ምግቧን የሚጠይቃት ማነው ይሄ?»

«እናቷ ናት፤ እማዬ ስትል ሰምቻለሁ።»

«እህ!» አለና ተደላድሎ ተቀመጠ።

እናቴ ግን ልቧ አላረፈም። «እሺ፣ ሽማግሌው መጣ እንበል። እምቢ ካለችስ?»

«ማንን? እኔን?» ሳቀ። «እዚህ ዘመድ የላት። ሽማግሌ የማደርገው አለቃዋን፣ ርዕሰ መምህሩን ነው። ቤቱ ደግሞ የእህቴ ነው። እምቢ ብላ የት ልትገባ?»

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የታመመ ሠራተኛ ከእርሻው ራሱ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ ለእኔም ደብተር ሳይለመን ይገዛልኛል። ይህን ያለውም እንደ ቀልድ ነው። ነገር ግን ሲስቅ፣ በግድግዳው ማዶ ወዲያ ወዲህ ሲል የነበረው የካውያ ድምፅ ቆመ። ቆሞም ብዙ ቆየ። የጨርቅ ማረር ሸተተኝ።

እኔም ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እምቢ ካለች ክፍሏን ታጣለች፤ በየቀኑ ፊት ለፊቱ የምትቆመው አለቃዋም ሽማግሌነቱ የተዋረደበት ሰው ይሆናል። በዓመቱ መሃል ሻንጣዋን አንስታ ትሄዳለች። እሺ ካለች ደግሞ «ፖሽ» የተጻፈበት መኪና ውስጥ ገብታ ኮኪት ትወርዳለች። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ያን ሰሞን ሂላው እንዳይደርቅ ዝናብ እንዲመጣ ጸለይኩ። በኅዳር ዝናብ መመኘት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዝናቡ አልመጣም። አጎቴ ሸራውን ጭኖ ወደ እርሻው ወረደ፤ «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንመጣለን» የሚል መልእክትም ላከ። ቅዳሜ ከሰዓት ቲቸር ገነት ነጠላዋን ተከናንባ ከግቢ ወጣች። ተከተልኳት።

የሄደችው ሐቦባ ነፊሳ ቤት ነበር። ሐቦባ ሱዳኖች አያታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ተወልደው እኛ ዘንድ ያረጁ፣ ሙሽራ የሚያጥኑና ሂና የሚቀቡ ሴት ናቸው። በደጋ አገር እንሶስላ ልጃገረድም ባለትዳርም ትሞቃለች። በእኛ ሰፈር ግን የሂና ደንብ ሌላ ነው። ያላገባች ሴት የጣቷን ጫፍ ብትቀባ ነው። ከእግር ጣት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወጣው ጥቁር አበባ የባለትዳር ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል፤ በሐቦባ ነፊሳ ቤት ደግሞ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሁሉ ቢለምን የማይፈርስ ሕግ ነበር።

አጥሩ የማሽላ አገዳ ነው። ዓይኔን በሁለት አገዳ መካከል አስገባሁ። ሙሽራ የሚታጠንበት የጣልህ ጭስ ከጓሮው ጉድጓድ እየወጣ ያቃጥለኛል። ሐቦባ ነፊሳ ዝቅተኛ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የተበጠበጠውን ሂና በጣታቸው እያሹ ነበር።

«ባል አለሽ፣ ያ ቢንት?» አሉ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

«የለኝም።»

«እንግዲያስ ጣትሽን ስጪኝ። እግር አልነካም። እግር የባለትዳር ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

የሐቦባ ነፊሳ ጣት ቆመ። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ድንበር ላይ ሻንጣ የሚፈትሹ ሰዎች እንደሚያዩት ዓይነት ነበር አስተያየታቸው።

«ማን ነው የሚመጣብሽ?»

«የአከራዬ ወንድም። ነገ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል።»

«ያ መኪናው ላይ ነገር የጻፈው?» ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ ደግ ልጅ ነው እኮ እሱ።»

«ደግ ነው። እኔ ግን አልፈልገውም። እምቢ ብል ቤቴንም ሥራዬንም አጣለሁ። እሱም በሰው ፊት ያፍራል። ሳይጠይቀኝ ቢመለስ ይሻላል።»

«እኔ ውሸት አልቀባም» አሉ ሐቦባ ነፊሳ፣ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ።

«እኔም አልዋሽም። ባል አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ የለኝም እላለሁ። ለርስዎ እንዳልኩት። ግን እግሬን ካዩ በኋላ የሚጠይቀኝ ያለ አይመስለኝም።»

ሐቦባ ነፊሳ የተበጠበጠውን ሂና በጣታቸው አነሱት፣ መልሰው ጣሉት። እሺ የማይሉ መሰለኝ፤ እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሺ እንዲሏት ልመኝ ወይስ እንዳይሏት አላውቅም ነበር። ደንቡ ቢፈርስ ከዚያ ወዲያ ምን ይታመናል?

«እኔን ሲድሩኝ ጡቴ ገና አልወጣም ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለእሷ ሳይሆን ለሂናው የሚናገሩ ይመስል። «አንዲት ሴት መጥታ እግሬን ቀባችኝ። አልቅሼ አልቅሼ አበባው በእንባዬ ተበላሸ። እሷ ግን እንደገና ቀባችው።» እጃቸውን ዘረጉ። «ኸላስ፣ በቃ። እግርሽን አምጪ።»

ማታ ቲቸር ገነት ካልሲ አድርጋ ገባች። እናቴ በአጠገቧ ስታልፍ አየሩን አሸተተች።

«የሙሽራ ሽታ ይሸተኛል» አለች ለእኔ ቀስ ብላ። «የት ውላ ነው?»

ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ድመት አይናገርም።

እሁድ አባቴ ከሚሠራበት ከገንዳ ውሃ መጥቶ ነበር። ዘመድ ስለሌላት የቤቱ ባለቤት እንደ አባት ይጠየቃል ተብሎ ነው። ከግቢያችን ኒም ጥላ ስር አግዳሚ ወንበር ወጣ። ርዕሰ መምህሩና ሐጂ ዑመር ተቀመጡ። ሐጂ ዑመር ሰሊጥ የሚገዙ ነጋዴ ናቸው፤ ነገር ሲያሳምሩ የሚወዳደራቸው ስለሌለ ለሽማግሌነት ሁልጊዜ ይጠራሉ። አጎቴ በወጉ መሠረት ውጭ፣ መኪናው አጠገብ ሆኖ ይጠብቃል። «ፖሽ» የሚለው በአጥሩ በላይ ይታየናል።

ሐጂ ዑመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የመጣነው፣ አላህ ቢፈቅድ፣ ለመልካም ነገር ነው። የመጣነውም…»

የቲቸር ገነት በር ተከፈተ። ባዶ እግሯን፣ በማስታጠቢያ ውሃ ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹን ዝቅ ብላ ሰላም አለች። ከበሯ ፊት ካለችው ድንጋይ ላይ አንድ እግሯን አስቀመጠችና፣ በዝግታ፣ ፌስታል ይዛ ትምህርት ቤት በር ላይ እንደምታደርገው ሁሉ፣ መታጠብ ጀመረች። ውሃው ሲፈስበት ጥቁሩ አበባ አንጸባረቀ። ከጣቷ ተነስቶ፣ በተረከዟ ዞሮ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንደ አምባር ያልቅ ነበር። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያማረ ሂና ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ሁለተኛውን እግሯንም ታጠበች። ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

«…የመጣነውም» አሉ ሐጂ ዑመር፣ «ሰሊጡ እንዴት ሆነ ልንል ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ደገኛ ነው። «ሐጂ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ…»

«ዋናው ጉዳይ ሰሊጥ ነው!» ሐጂ ዑመር ጉልበቱን ጫን አደረጉት። «ዘንድሮ ነፋሱ እንዴት ነው? ኮኪትስ ደህና አጨዱ?»

አባቴ፣ ምን እንደተፈጠረ በግማሽ የገባው፣ ስለ ነፋስ አወራ። ስለ ነፋስ ብዙ ተወራ። ከዚያ ሐጂ ተነስተው ወደ አጥሩ በር ሄዱ። አጎቴ ሮጦ ተቀበላቸው።

«እንዴት ሆነ?»

«ልጄ፣ የሰው ሚስት ቤት ትልከናለህ?»

አጎቴ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ወደ ግቢው ገብቶ ፊቴ ቆመ። «እናኑ! ባል አላት? አንቺ አይደለሽ የምታያት?»

«ቆይ እስቲ» አለች እናቴ። «ደገኛ እኮ ናት። እንሶስላ መስሏት ተሳስታ ተቀብታው ይሆናል። ለምን አንጠይቃትም? አንድ ጥያቄ እኮ ነው።» ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቲቸር ገነት በር ተነሳች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከኋላው የቲቸር ገነት ቀሚስ ጫፍ ይታየኛል፤ ቆማ ትሰማ ነበር። እናቴ ብትጠይቃት እውነቱን ትናገራለች፤ ለሐቦባ ነፊሳ እንዲያ ብላለች። እናቴ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቷታል።

«ሐቦባ ነፊሳ ናቸው የቀቧት» አልኩ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ሐቦባ ነፊሳ። ራሴ አይቻለሁ። ትናንት።»

እናቴ ቆመች። ሐጂ ዑመር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «በቃ» እንደማለት። ሐቦባ ነፊሳ ያላገባች ሴት እግር እንደማይነኩ የማያውቅ በዚያ ግቢ ከርዕሰ መምህሩ በቀር አልነበረም። እሱም ቢሆን የሰዎቹን ፊት አይቶ ባርኔጣውን አነሳ። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። አጎቴ ትንሽ ቆሞ «መልካም ነው፤ መልካም ነው» አለ፤ ለማን እንዳለው እኔ አላውቅም። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ማንም አልጠየቀም፤ ማንም እምቢ አልተባለም።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለቲቸር ገነት ባል ሠራላት። በመጀመሪያ ካርቱም የሚኖር ሾፌር ነበር። እትዬ አሰገደች መሐንዲስ አደረገችው። የገና በዓል ሳይደርስ ሐኪም ሆነ፤ ቀናተኛም ሆነ፤ ለዚህ ነው ከወንድ ጋር የማታወራው ተባለ። እናቴ ሰላምታዋን አሳመረች፤ «ወይዘሮ ገነት» ማለትም ጀመረች። ማታ ግን ራት ላይ፣ እንጀራ እየቆረሰች፣ «ባል ካላት ለምን አንድም ቀን አይመጣላትም?» ትል ነበር። ጥርጣሬዋ አልሞተም፤ ቦታ ብቻ ለወጠ። አጎቴ «ፖሽ» የሚለውን አላጠፋውም፤ ቀለሙ ውድ ነው አለ። ቲቸር ገነትን መንገድ ላይ ሲያገኛት ግን ባርኔጣውን ያወልቃል፤ በጭቃ ሰሞን የእሱ መኪና እሷ አጠገብ ሲደርስ ውሃ እንዳይረጫት ይቆማል።

እኔ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ቲቸር ገነት በጎን ታየኝ ነበር። ስገባ ታየኛለች፤ ስወጣ ታየኛለች። ያን ያልኩት አይቼ ብቻ ነው? ሰምቼስ? አውቄ ነው ወይስ ሳላውቅ? እያለች የምታስብ ይመስለኝ ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ እኔ እሷን ስጠረጥር ነበር፤ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። ሰው ሲጠረጥረኝ እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ አወቅሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ነጠላ ጫማ አድርጋ ቆማ ነበር። ሙቀቱ በርትቶ ስለነበር የቆዳ ጫማዋን ትታዋለች፤ ሂናውም እንዲታይ ትፈልግ ይሆናል። ጠመኔውን አስቀመጠች።

«እናኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀርሻል።»

ተነሳሁ። ቲቸር ገነት ጠበቀችኝ።

«ሐቦባ ነፊሳ ፖሽ ናቸው» አልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከኋላ እስኪሰማ ድረስ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጣታቸው እንደ ዋልካ የተሰነጠቀውን፣ በጭስ ውስጥ የሚውሉትን አሮጊት! ከኋላ ያለው ልጅ ጠረጴዛ መታ።

ቲቸር ገነት አልሳቀችም። ራሷ እንዳስተማረችን፣ ቃሉን ትታ ፊቴን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ሳልሰብር ፊቴን ሰጠኋት፤ የፈለገችውን ታንብብበት ብዬ።

«ትክክል ነው» አለች። «ተቀመጪ።»

ጠመኔውን አነሳችና ዓረፍተ ነገሬን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው።